በሰው መኪና የሚመጣው ተለማማጅ

ሎጊያ ላይ ለነዳጅ የተሰለፈ ሰው ላብና ወሬ አይቸግረውም። አቶ ኃይለ ልዑል ግን ሁለቱንም አይወዱም። ሰመራ ያለው የዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ከመሆናቸው በፊትም ቢሆን አፋቸው ቁጥብ ነበር ይላሉ የሚያውቋቸው። ያን ዕለት ማለዳ የመሥሪያ ቤቱን ፒካፕ ራሳቸው እየነዱ መጥተው ሰልፍ ይዘዋል። ገና በጠዋቱ እንዲህ ያቃጠለች ፀሐይ ቀትር ላይ ምን ልትሆን ነው እያሉ ሲነጫነጩ፣ ከማደያው ማዶ የቆመች ነጭ መኪና ላይ ዓይናቸው ዐረፈ።

መኪናዋን የማያውቃት የለም። የጌጡ ናት። ጌጡ ማለት ጋራዥም ሆቴልም የጭነት መኪናም ያለው የሎጊያ ሀብታም ነው። ልጁ ኤፊ ደግሞ ሰክሮ እየነዳ፣ ጥጥ ለቀማው ሲያልቅ ጭነት ለማውረድ የመጣ ደግነት የሚባል የወሎ ልጅ ገጭቶ ገድሎ አምልጧል ተብሎ ተከሷል። ኤፊ «መሪውን የያዝኩት እኔ አይደለሁም» ብሎ ክዷል። በዓይኗ ያየችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ መንገድ ዳር ምግብ ቤት የምትሠራው ባይሽ። ችሎቱ ከነገ ወዲያ ነው። ባይሽ ካልቀረበች ኤፊ ልብሱን አራግፎ ይወጣል።

እና በዚያች መኪና ጋቢና ውስጥ፣ ከሾፌሩ አጠገብ ተደላድሎ ተቀምጦ የሚያወራው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የራሳቸው የመሥሪያ ቤት ልጅ፣ ረድዋን!

«አንተ! ውረድ! ና ወዲህ!»

ልጁ ደንግጦ ወረደ። ረድዋን የሕግ ትምህርቱን ሊጨርስ ትንሽ የቀረው የአፋር ልጅ ነው። ከመመረቁ በፊት የተግባር ልምምድ እንዲያደርግ እሳቸው ዘንድ ተመድቦ፣ ያለ አንዳች ክፍያ መዝገብ ሲገለብጥና የምስክር ቃል ሲጽፍ ይውላል። የሚያድረው ሎጊያ አጎቱ ቤት ነው።

«እንደምን አደሩ ጋሼ። እኔም እርስዎ ጋ ልሮጥ ነበር . . .»

«የማን መኪና ላይ ነው የተቀመጥከው?»

«የሚነዳት ሙሐመድ ነው፣ የጎሳችን ልጅ። ሰመራ ሲሄድ ሁልጊዜ ያደርሰኛል።»

«ሙሐመድ ይንዳት ሙሴ ይንዳት፣ መኪናዋ የጌጡ ናት! የከሰስነው ሰው አባት መኪና ላይ እግርህን ዘርግተህ ታወራለህ?»

«ስለ መዝገቡ አንድም ቀን አንስተን አናውቅም፤ ወላሂ። ዳጉ ብቻ ነው የምንለዋወጠው።»

ይህን ሲሰሙ የአቶ ኃይለ ልዑል ፊት ተለወጠ። በአፋር ምድር ሸብተዋልና ዳጉ ምን እንደሆነ አይጠፋቸውም። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ እንደኛ «ሰላም ነው፣ ሰላም ነው» ተባብለው አይተላለፉም። ቆም ብለው፣ ቁጢጥ ብለው፣ ምን አየህ ምን ሰማህ ይባባላሉ። የተጠየቀ ያወቀውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይናገራል፤ የሰማውም ለሚቀጥለው ያደርሳል። ዝናብ የት እንደጣለ፣ የከብት በሽታ የት እንደገባ ያወቁት በዚህ ነው፤ በዚህም ነው የኖሩት። ዳጉ ተጠይቆ መደበቅ ነውር ነው።

«ምን ነገርከው?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ሲጮኹ የሚሻሉ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ዝቅ ሲል ነው የሚያስፈራው።

«ትናንት ‹ባይሽ ከጠፋች ሰነበተች፣ ሞታ ይሆን?› አለኝ። ጨንቆት ነው ጋሼ፤ በችግሩ ጊዜ አብልታዋለች። እኔም ‹ደህና ናት፣ አዋሽ ባቡር ጣቢያው ግቢ እህቷ ጋ ናት› አልኩት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ እሱ በተራው ነገረኝ። ጌጡ ሽማግሌዎች ይዞ ሳይነጋ ወደ አዋሽ ተነሥቷል። ሙሐመድን ትናንት ማታ ‹ባይሽ የት ገባች?› ብሎት ኖሯል። ሙሐመድ ምኑንም አያውቅ፤ ተጠየቀ፣ ተናገረ።»

አቶ ኃይለ ልዑል ወረፋ ጥሰው አያውቁም። ያን ጠዋት ግን ጥሩምባ እየነፉ ጥሰው ገቡና ቀዱ። የሚረግማቸውን ሁሉ በዝምታ አለፉት። ባይሽ ስልኳን እንድትጥል የመከሯት ራሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ መደወል የለም። ፖሊስ ቢልኩ ደግሞ በፊተኛው በር ሲገባ በኋለኛው ትወጣለች፤ ፈሪ ናት። ከመሄድ በቀር ምን ምርጫ አለ?

«ግባ!» አሉት ረድዋንን።

ሚሌን እንዳለፉ ገነፈሉ።

«ካፍ ከወጣ አፋፍ! ይሄን ማንም አልነገረህም? የሕግ ሰው መጀመሪያ የሚማረው አፉን መሰብሰብ ነው! ያን ሁሉ ዓመት ምን ስትማር ኖርክ?»

«ጥፋቴን አልክድም ጋሼ። ነገሩ የገባኝ ዛሬ ጠዋት ነው። በኔ ምክንያት መዝገቡ ከተዘጋ እኔም ሕግ የሚባል ነገር ሁለተኛ አልነካም።»

«የአንተ መተው ደግነትን አያስነሣውም።»

«አያስነሣውም። ግን ቢፈቅዱልኝ አንድ ነገር ልጠይቅ።»

«ጠይቅ። መንገዱ እንደሆነ አያልቅም።»

«በጌጡ መኪና ለምን የምመጣ ይመስልዎታል?»

«ድሎት ወደህ ነዋ!»

«አጎቴ ያበላኛል፤ የየቀኑን ታክሲ ግን አይችልም። የመሥሪያ ቤታችን ሰርቪስ በየጠዋቱ በዚያው ማደያ በር ያልፋል፤ ወንበሩ ግማሹ ባዶ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ልሳፈር ስል ሾፌሩ ‹ለቋሚ ሠራተኛ ብቻ ነው ተብሏል› ብሎ አወረደኝ። ከዚያ ወዲህ ቆሜ እጄን አወጣለሁ። የቆመልኝን እሳፈራለሁ።»

ተብሏል የተባለውን ያሉት እሳቸው ናቸው። ቢሆንም ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ የተማረም ሰው አንዳንዴ ከዚህ አይሻልም።

«ሥርዓት ሥርዓት ነው፣ ልጄ። ዛሬ ወንበር ብሰጥህ ነገ ምሳ ትላለህ፣ ከነገ ወዲያ ደመወዝ። ለመማር ነው የመጣኸው እንጂ ለመቀጠር አይደለም። እኔ በጊዜዬ፣ ያኔ የክልሉ ዋና ከተማ አሳይታ ሳለ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ያለ አምስት ሳንቲም ነው የተለማመድኩት! ማንም አልሞተም። ሙያ እንዲህ ነው የሚያዘው።»

«የት ያድሩ ነበር?»

«እዚያው ጽሕፈት ቤቱ ግቢ። አንዲት ክፍል ነበረችኝ፤ ሙቀቷ አይነሣ!»

«ምግብስ?»

«የያኔው አለቃዬ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ከገበታቸው ለይተውኝ አያውቁም። ባለቤታቸው እትዬ አስረሳች እንደሆነ አንድ ጉርሻ ቀረህ ብላ ነው የምትጣላኝ።» ትዝታው ድምፃቸውን ትንሽ አለዘበው።

«መሐላስ?»

«በገባሁ በመጀመሪያው ቀን! መጽሐፍ አስጨብጠው፣ እንደ ዳኛ አቁመው ነው ያስማሉኝ። እስከ ዛሬ እጄ ላይ ያለ ይመስለኛል።»

ረድዋን በመስኮቱ ወደ ጥቁሩ ድንጋይ ሜዳ እያየ በትሕትና ተናገረ።

«እንግዲያስ ጋሼ፣ እርስዎ በነፃ አልሠሩም።»

አቶ ኃይለ ልዑል ማርሽ ቀየሩ። መቀየር የሚያስፈልግበት ቦታ ግን አልነበረም።

«ማደሪያ ነበረዎ፣ ገበታ ነበረዎ፣ የሚቆጣዎ አለቃና የሚያስርዎ መሐላ ነበረዎ። እኔ ከነዚህ አንዱም የለኝም። ደመወዝ አልጠየቅኩዎትም። ግን በነፃ መሥራት ማለት እኮ አንድ ሌላ ሰው ይከፍልልኛል ማለት ነው። ወይ አጎቴ፣ ወይ ጌጡ።»

«አንደበትህስ ጥሩ ነው፤ ምነው ትናንት ዝም ባለ!» አሉ በምሬት። ቀጥለውም፣ «ደመወዝተኛስ ምስጢር አያወጣም? ስንቱን ደመወዝተኛ ከስሻለሁ መሰለህ!»

«ያወጣል። ሲያወጣ ግን ይጠየቃል፤ ምሏልና። እኔን በምን አንቀጽ ይጠይቁኛል? ተለማማጅ እንግዳ ነው ብላችሁ አላስማላችሁኝም። እንግዳ ግን የባይሽን ቃል ተቀብሎ ይጽፋል? የተሸሸገችበትን ቦታ የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው!»

ይህች ቃል የሕግ ሰው ልብ ውስጥ ገባች። ሌላውን ሁሉ ማጣጣል ይቻላል፤ ይህን ግን ፍርድ ቤት ውስጥ ቢሰሙት ኖሮ እሳቸውም ራሳቸውን በነቀነቁ ነበር። ምክር የሚከብደን ሐሰት ሲሆን አይደለም፣ እውነት ሆኖ ከልጅ አፍ ሲመጣ ነው።

«መሐላው ለእናንተ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው፣ ለኔም ነው» አለ ረድዋን። «ሙሐመድ ሲጠይቀኝ ‹አልነግርህም› ማለት አልችልም፤ ነውር ነው። ‹አላውቅም› ማለት አልችልም፤ ውሸት ነው። ‹ምዬበታለሁ› ብለው ግን ሁለተኛ አይጠይቀኝም። መሐላ ያሰረውን ሰው አፋር አይጎትተውም። እኔ ይህን መልስ አጥቼ ነው የተናገርኩት።»

«በጀትስ?» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

«ባዶ ወንበር በጀት ይፈልጋል? አብራኝ ትለማመድ የነበረችው ራሄል ለምን ልምምዱን እንዳቋረጠች ያውቃሉ?»

«ሙቀቱ ከብዷት ነው ተባልኩ።»

«ሙቀት! መንገድ ላይ ቆማ እጇን ለሊፍት ስታወጣ የሚቆምላት ሾፌር ምን እንደሚላት ለእርስዎ ትንገርዎ? አፍራ ነው ሙቀት ያለችው። ከሁላችንም ጎበዝ እሷ ነበረች። አሁን የቀረነው አባቱ የሚችልለትና እንደኔ ፊቱን በጨው አጥቦ የሰው መኪና የሚለምን ነው። የነገ ዐቃቤ ሕግ ከነዚህ ነው የሚመረጠው።»

አቶ ኃይለ ልዑል ሁለት ሴት ልጆች አሏቸው። 

ገዋኔ ሳይደርሱ የግመል መንጋ አስፋልቱን ሞልቶ አቆማቸው። ረድዋን ዘሎ ወረደና ከሽማግሌው እረኛ ጋር ቁጢጥ አለ። አለቃው መሪውን በመዳፋቸው እየመቱ፣ «አሁንማ ሰላምታ አብዛ! ዘመድ ጥየቃ አመጣሁህ?» ይላሉ ለራሳቸው። ግመሎቹ አልፈው አለቁ፤ ሁለቱ ግን አልጨረሱም። በመጨረሻ ልጁ እየሮጠ ተመለሰ።

«አሁን ከገዋኔ የመጣ ዘመዱ ነግሮታል። ሽማግሌዎች የጫነች ጥቁር መኪና ጎማ ፈንድቶባት እዚያ ቆማ ስትሠራ ነበር። ብዙ አልቀደሙንም ጋሼ፣ ይንዱ!»

ነዱ። የመልካ ወረር መገንጠያ አለፈ፣ አዋሽ አርባም አለፈ። አዋሽ ሊገቡ ሲሉ አቶ ኃይለ ልዑል ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«ስማ። ‹ማን ነገራቸው?› ብላ ከጠየቀች፣ ገምተው ነው በላት። እውነቱን ካወቀች አትከተለንም።»

ረድዋን ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

ባቡር ጣቢያው ግቢ፣ ከአሮጌዎቹ የሠራተኛ ቤቶች አንደኛው ደጅ ላይ፣ የፈሩት ነገር ቆሞ ጠበቃቸው። ጌጡ፣ ያ ሎጊያን የሚያንቀጠቅጥ ሰው፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ አጎንብሷል። በግራ በቀኙ ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። ባይሽ በሩን ተደግፋ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋለች። እህቷ ታለቅሳለች፤ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ያያል። ቢላ ይዞ የመጣን ሰው ጮኸው ያባርሩታል፤ ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ሰው ምን ያደርጉታል?

«ልጄ፣ ሽማግሌ በባዶ አይመለስም» ይላሉ ታላቁ ሽማግሌ። «በቃ፣ ይቅር ብያለሁ በይና ድንጋዩን አውርጂለት።»

ባይሽ እጇን ዘረጋች። 

«ይቅርታ አባቶቼ!» አሉ አቶ ኃይለ ልዑል ከመኪናው እየወረዱ። «ሽማግሌ አከብራለሁ፤ ተጣልቼ የታረቅኩትም በሽማግሌ ነው። ግን ድንጋዩ የመጣው የተሳሳተ ደጅ ነው። ደግነት ወሎ ውስጥ እናት አለችው፤ ይቅርታ ከተጠየቀች እሷ ትጠየቅ። ይህች ልጅ ያየች እንጂ የተበደለች አይደለችም። ያልተበደለ ሰው ምኑን ይቅር ይላል? ምስክርን አባብሎ ማስቀረት ደግሞ በሕግ ያስጠይቃል፤ ተዉ፣ ሽበታችሁን አታስነኩ።»

ታላቁ ሽማግሌ ወደ ጌጡ ዞሩ። «አንተ፣ የሟች ዘመድ ናት አላልከንም?»

ጌጡ ይበልጥ አጎነበሰ።

«ዋሽተኸናል!» አሉና ድንጋዩን ራሳቸው አንሥተው ወደ ጥግ ወረወሩት። ሦስቱም ጥለውት ወደ መናኸሪያው በእግራቸው ሄዱ። ጌጡም ጥቂት ቆሞ፣ ማንንም ሳያይ መኪናው ውስጥ ገባ።

አሁን የቀረችው ባይሽ ናት። ፍርሃቷ ወደ ቁጣ ዞሯል።

«ቦታዬን ከእናንተ ከሁለታችሁ በቀር የሚያውቅ የለም። ማን ነገራቸው?»

አቶ ኃይለ ልዑል ወደ ልጁ አዩ። ልጁ ግን ወደ እሷ ነበር የሚያየው።

«እኔ ነኝ ባይሽ። ሙሐመድ ሞተሽ እንደሆነ ብሎ ሲጨነቅ፣ ያለሽበትን ነገርኩት። አንቺን ለመጉዳት አልነበረም፤ ግን ተናገርኩ።»

«ሂዱልኝ!» አለች። «ሁለታችሁም! እኔ ነፍሴን አምኜ ሰጠኋችሁ፤ እናንተ መንገድ ላይ በተናችሁት!»

በሩን ልትዘጋው ያዘች። አቶ ኃይለ ልዑል እጃቸውን መቃኑ ላይ አሳረፉ። በመንገድ ሁሉ ሲፈላ የነበረው ነገር በዚያች ደቂቃ ወጣላቸው።

«ቆዪ ልጄ። እሱ ተናገረ፤ ያናገረው ግን እኔ ነኝ። ሳላስምለው ምስጢርሽን አስያዝኩት። ሰርቪሳችን ባዶ ወንበር ይዞ በደጁ እያለፈ በከሳሽም በተከሳሽም መኪና እየለመነ እንዲመጣ ያደረግኩት እኔ ነኝ። እዚህ ስንገባ እንኳ ዋሽ ብዬው ነበር፤ እምቢ ያለኝ እሱ ነው። ልትጣይ ከፈለግሽ እኔን ጣይ።»

ባይሽ ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸው። እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች።

«ነገስ ይህ ልጅ በማን መኪና ነው የሚመጣው?»

«በመሥሪያ ቤቱ።»

«ይማሉልኝ።»

«ሚካኤልን! ከነገ ጀምሮ። እሱም ይምላል፣ ከሱ በኋላ የሚመጡትም ሁሉ።»

ባይሽ ወደ ውስጥ ገባች። በሩ ክፍት ቀረ፤ ሁለቱ ደጅ ላይ ቆሙ። ስትወጣ ልብሷን በፌስታል ይዛ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ባይሽ ችሎት ፊት ቆማ ያየችውን ተናገረች፤ ኤፊንም በጣቷ አሳየች። ፍርዱ የዳኞቹ ነው። የኛ ነገር ከዚያ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የሆነው ነው።

አቶ ኃይለ ልዑል ሠራተኛውን ሰብስበው አዲሱን አሠራር ሲናገሩ፣ የፋይናንስ ኃላፊዋ ወይዘሮ ሰኢዳ፣ «ጋሼ፣ ለተለማማጅ በጀት የለንም እኮ፤ እርስዎ ራስዎ አልነበሩም እንዴ የከለከሉት?» አሏቸው።

«ነበርኩ፤ ተሳስቼ» አሉ ሳያመነቱ። «ወይዘሮ ሰኢዳ፣ የሰርቪሱ ወንበር ባዶውንም ሲሄድ ነዳጅ ይበላል። ከሠራተኛው ምሳ አንድ ሳህን ቢጨመር አንከስርም። መሐላ ደግሞ ምንም አያስከፍልም። በዚህ የምናተርፈውን ልንገራችሁ። ምስጢር የያዘ ልጅ ከማንም ደጅ አይጠጋም። ሴቶቹ ተማሪዎች አያቋርጡብንም። የድሀ ልጅም ጎበዝ ከሆነ ይቀራል። ከሁሉ በላይ ምስክር ያምነናል። ምስክር ካላመነን እኔም እናንተም ደመወዛችንን በነፃ ነው የምንበላው። የሚከፈላቸውን ነገር የበላዮቻችንን እጠይቃለሁ፤ እስኪፈቀድ ግን በእጃችን ያለውን አንከልክል።»

ወይዘሮ ሰኢዳ ለጊዜው «እንግዲህ እናያለን» አሉ። ራሄልን ደውለው የመለሷት ግን ራሳቸው ወይዘሮዋ ናቸው።

ረድዋንም ቁርአን ላይ እጁን ጭኖ ማለ። አለቃው አጠገቡ ቆመው ቃሉን አንድ በአንድ አስደገሙት።

በማግስቱ ጠዋት ሎጊያ ማደያው በር ላይ ሰርቪስ ሲጠብቅ፣ ነጯ መኪና መጥታ አጠገቡ ቆመች። ሙሐመድ አንገቱን በመስኮት አወጣ። በሱ ምክንያት የሆነውን ሁሉ ሰምቷል፤ ፊቱ ከስቷል።

«አትሳፈርም?»

«ሰርቪስ አለኝ ወንድሜ።»

ሙሐመድ ሞተሩን አጠፋ። እንደ ልማዱ ጠየቀ፤ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ?

ረድዋን ወደ መስኮቱ ጠጋ አለ። የአጎቱ ላም መውለዷን፣ አሳይታ በኩል ዳመና መታየቱን፣ ራሄል መመለሷን፣ ያወቀውን ሁሉ ነገረው። 

«ሌላስ?»

«ሌላው ምዬበታለሁ።»

ሙሐመድ አንድ አፍታ አየው። «አላህ ያጽናህ» አለና መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።